አያትና አጎት፦ ሲጋራው አንድ ሆኖ ዕጣው ለምን ተለያየ?

ጠያቂ፦
አያቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲያጨሱ ኖረው በ88 ዓመታቸው ያረፉት በሌላ ሕመም ነው፤ ከእርሳቸው ያነሰ ያጨሱ የነበሩት አጎቴ ግን በ56 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር ሞቱ። 40 ዓመት የሞላው ወንድሜ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ እኔ የወጣሁት በአያታችን ነው» እያለ ማጨሱን ቀጥሏል። ለመሆኑ በዘር የሚወረሰው ነገር ከሲጋራ ጉዳት ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?

መልስ 1፦
እ.ኤ.አ. በ2008 በአይስላንድ፣ በፈረንሳይዋ ሊዮንና በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመሯቸው ሦስት ጥናቶች ጂኖችን በሚሸከመው ክሮሞሶም 15 ላይ ያለ አንድ ስፍራ ከሳንባ ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ አመለከቱ። በዚያ ያሉት ጂኖች የሚሠሩት ኒኮቲን በነርቭ ሴሎች ላይ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ነው። በዚህ ስፍራ የሚታየውን የጂን ልዩነት ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ በ30 በመቶ ገደማ፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ እስከ 80 በመቶ ይጨምራል። ይሁንና ሲጋራ ራሱ ይህንኑ ዕድል ከ15 እስከ 30 እጥፍ ስለሚያደርሰው፣ «ጥሩ ዘር» አለኝ የሚል አጫሽም ከማያጨስ ሰው ጋር አይተካከልም።

መልስ 2፦
ጂኑ ሳንባውን በቀጥታ ይጎዳል ወይስ ሰውየውን ይበልጥ ያስጨሰዋል የሚለው ብዙ አከራክሯል። ልዩነቱ ያለባቸው አጫሾች በቀን የሚያስበልጡት አንድ ሲጋራ ያህል ብቻ በመሆኑ ሁለተኛው ማብራሪያ ደካማ መስሎ ነበር። ነገር ግን ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚፈጠረው ኮቲኒን በደም ሲለካ፣ የሲጋራው ብዛት እኩል ቢሆን እንኳ እነርሱ ጢሱን አጥልቀው እንደሚስቡ ታየ። ስለዚህ እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ኒኮቲንን በጉበት የሚሰባብረው ኢንዛይም በተፈጥሮ ዘገምተኛ የሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ኒኮቲኑ ቶሎ ስለማያልቅባቸው ጥቂት ያጨሳሉ። አያትዎ ከእነዚህ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ ግን ከዕድሜያቸው ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ፈጽሞ የማያጨስ ሰውስ ይህን ልዩነት ቢወርስ ያሰጋዋል? ወንድሜስ አሁን ቢያቆም ምን ያህል ይጠቅመዋል?

መልስ 1፦
በማያጨሱ ሰዎች ላይ ይህ ልዩነት ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልታየበትም፤ ከእነርሱ መካከል የሳንባ ካንሰር በያዛቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ፣ በዘር ያልተወረሰና በዕጢው ውስጥ የተፈጠረ የጂን ለውጥ ነው፤ በተለይም በምሥራቅ እስያ ሴቶች ዘንድ ይበዛል። ወንድምዎን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ የወጣ ስሌት ማጨስ ካላቆሙ ወንዶች መካከል 16 በመቶ ያህሉ እስከ 75 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ያሳያል፤ በ50 ዓመታቸው ያቆሙት 6 በመቶ፣ በ40 ያቆሙት ደግሞ 3 በመቶ ናቸው።