እናቴ የሁሉንም ከተማ ትዘጋለች፤ ካርካሶን የምትጫወቱ ምከሩኝ

ጠያቂ፦ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ለሦስት ወር እኛ ጋ ናት። ሴቷ ልጄ 12፣ ወንዱ 9 ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን ጀርመንኛው ይበዛል። እሷ ደግሞ ጀርመንኛ አትችልም። መጀመሪያ ሰሞን «ብሉ፣ ጠጡ» ካለቻቸው በኋላ ወሬ ያልቅባቸው ነበር።

አንድ ዝናባማ እሑድ ካርካሶኑን አወጣሁት፤ ካርታ የሚመስሉ አራት ማዕዘን ቁራጮች እየገጠሙ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ቁራጮቹ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። ከተማ፣ መንገድ፣ ሜዳና ገዳም ብቻ ነው የተሳለባቸው። አንዱን ታነሳለህ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር ጠርዙን ታጋጥመዋለህ፣ ከፈለግክ የእንጨት ሰውህን ታቆምበታለህ። በቃ። እማዬ በአንድ ዙር ገባት። ገዳም በደረሳት ቁጥር ስማ ነው የምታስቀምጠው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። እማዬ የማንም ከተማ ግንቡ ዙሪያውን ሳይገጥም ክፍት ሆኖ ማየት አትችልም። የልጁ ከተማ አንድ ቁራጭ ከጎደለው፣ የራሷን ትታ የእሱን ትዘጋለታለች። «ግንቡ እንደፈረሰ እንዴት ይደር?» ትላለች። እሱ በደስታ ይዘላል። ሴቷ ግን ተቆጣች። «አያቴ እየተጫወተች አይደለም፣ እየረዳችው ነው» አለችኝ። ባለፈው እሱ 84 ሲያገኝ እማዬ 31 ላይ ቀረች።

ልንገራት ወይስ ልተዋት? ብነግራት ይከፋታል ብዬ እፈራለሁ። ልጅቷም እውነቷን ነው። እስካሁን ገበሬውን አላስገባንም፤ ሕጉ ከበድ ስላለኝ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ሽቱትጋርት ያለሁ

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም ገቡልሽ። መልሱ መጨረሻ ላይ ጣል ባደረግሽው ነገር ውስጥ አለ። ገበሬውን አስገቡት። እናትሽ ምንም መቀየር የለባቸውም።

የእንጨቱ ሰው መንገድ ላይ ሲቆም ሽፍታ ነው። ከተማ ውስጥ ፈረሰኛ፣ ገዳም ላይ መነኩሴ ነው። ሜዳ ላይ ግን አይቆምም፤ በጀርባው ይተኛል። እሱ ነው ገበሬው። ሌሎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ነጥብ ይዘው ወደ እጅሽ ይመለሳሉ። ገበሬው አይመለስም። ጨዋታው እስኪያልቅ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። መጨረሻ ላይ የእሱን ሜዳ ለሚነካ ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ ያገኛል። ከተማውን ማንም ይሥራው፣ ማንም ይዝጋው።

አሁን የእናትሽን አጨዋወት አስቢው። ልጁ ባለ 4 ቁራጭ ከተማ አለው እንበል፤ አንዱ ላይ የጋሻ ሥዕል አለ። እሳቸው ሲዘጉለት 8 የቁራጩ፣ 2 የጋሻው፣ በድምሩ 10 ነጥብ ያገኛል። ገበሬያቸው አጠገቡ ከተኛ ለእሳቸውም 3 ተቀመጠላቸው። እንዲህ ስድስት ሰባት ከተማ ከዘጉ ደግነታቸው ራሱ ስልት ይሆናል። እስከ መጨረሻው ያልተዘጋ ከተማ ለገበሬ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ክፍት ከተማ ያለመውደዳቸው ትክክለኛ የገበሬ ባሕርይ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሜዳውን መንገድና ከተማ ይቆርጡታል፤ በመንገዱ ወዲያና ወዲህ ያለው አንድ ሜዳ ላይሆን ይችላል። ልጆች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። በጣት እየተከተላችሁ ድንበሩን ለዩ። ሌላው፣ እያንዳንዱ ሰው 8 የእንጨት ሰው አለው፤ አንዱ ነጥብ መቁጠሪያ ላይ ስለሚቆም ለሥራ የሚቀሩት 7 ናቸው። አራቱን ሜዳ ላይ ካስተኙ መንገዱና ከተማው ላይ ሰው ያልቅባቸዋል። ሁለት ገበሬ ይበቃል። አንዱን ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያስተኙት።

ከቻልሽ ደግሞ የካርካሶንን ፎቶ አሳዪያቸው። ክላውስ ዩርገን ቭሬደ የሚባል ጀርመናዊ ጨዋታውን ሲሠራ ስሙን የወሰደው ከደቡብ ፈረንሳዩ ከተማ ነው። ድርብ ግንብ ያለው ጥንታዊ ከተማ ነው፣ ዛሬም ቆሟል። የግንቡ ነገር ለእሳቸው በደንብ ይገባቸዋል።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያሳዘነችኝ ትልቋ ናት። ያቺ ልጅ የእውነት መፎካከር ትፈልጋለች፣ ደግሞም መብቷ ነው። ማታ አያቷና ወንድሟ ሲተኙ ከእሷ ጋር ለሁለት ተጫወቱ። ካርካሶን በጣም የሚከርረው ለሁለት ሲሆን ነው።

ከተማ ውስጥ ሰርጎ መግባትን አሳዪያት። ሰው ያለበት ከተማ ላይ የራስሽን ሰው ማስገባት አይቻልም። ግን ራቅ ብለሽ ለብቻው የቆመ ትንሽ ከተማ ጀምረሽ ሰውሽን ታቆሚበታለሽ። ከዚያ በሚቀጥሉት ቁራጮች ታገናኚዋለሽ። እኩል ሰው ካላችሁ ሁለታችሁም ሙሉውን ነጥብ ታገኛላችሁ። አንድ ከበለጥሽ ሁሉም የአንቺ ነው። ባለቤቴ ይህን ካሳየኝ ወዲህ ቡና ሳናፈላ የምንጫወትበት ቅዳሜ የለም። ጀበናው ሦስተኛ እስኪደርስ አንድ ጨዋታ ያልቃል።

መልስ፦ አዲስ አበባ፣ ገርጂ

እኔ ጋ ያለው ዘመድ ከጀርመን ያመጣልኝ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዳማ በቆርኪ የተጫወተ ሰው ነው። መጀመሪያ «ይሄ የልጆች ሥዕል ነው» ብሎ አልቀመጥ አለ። አሁን 72ቱን ቁራጭ ሸምድዷቸዋል። ገዳም 6 ብቻ እንደሆነ፣ በአራቱም ጎን ከተማ የሆነ ቁራጭ አንድ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። አራት ጎን ከተማ የሚፈልግ ቀዳዳ ትቼ ያቺን አንዷን ስጠብቅ «ወጥታለች እኮ፣ ቅድም አስቀምጫታለሁ» ይለኛል። ለትልቋ ልጅሽ ይህን ንገሪያት። ቁራጭ መቁጠር ከያዘች ማንም ማንንም ቢረዳ አትናደድም።

ጠያቂ፦ ከፍራንክፈርት

እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ ገበሬውን አስገባነው።

«እማዬ፣ ሰውዬውን ሜዳው ላይ አስተኚው» አልኳት። «ገበሬ በጠራራ ፀሐይ ይተኛል እንዴ?» አለችና ቁራጩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በሁለተኛው ዙር፣ ማንም ሳያስብበት፣ መሀል ላይ አስተኛችው። ከዚያ በኋላ እንደ ልማዷ ሆነች። የልጁን ከተማ ዘጋች። የእኔን ዘጋች። የትልቋን እንኳ ሁለቱን ዘጋችላት። ልጅቷ ዓይኗን አጉረጠረጠች ግን ዝም አለች።

መጨረሻ ላይ ሜዳውን መቁጠር መጣ። ትልቋ ጣቷን ድንበሩ ላይ አድርጋ ተከተለች። እማዬ ከጎኗ ሆና አብራት ትቆጥራለች። በአማርኛ ነው የቆጠሩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። ሰባት ከተማ ሆነ። 21 ነጥብ! እማዬ 68፣ ትልቋ 66፣ ትንሹ 61፣ እኔ ከሁሉም በታች።

ልጅቷ ቁራጮቹን ደግማ አየቻቸው። «አያቴ፣ አውቀሽ ነው?» አለቻት።

«መሬቴ አይደል?» አለች እማዬ። ነገ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን ሊገጥሙ ተቀጣጥረዋል።