የጋዝ ምድጃዬ ጧ እያለ ይጠፋል፣ ብረቱም አልጣበቅ አለ (ሐረር)

ጠያቂ፦ አስቸኳይ ነው! ምድጃው እየሠራ ድንገት ጧ ይልና እሳቱ ወደ ቱቦው ይገባል። ሲሊንደሩ ውርጭ ለብሷል። ለደማስቆ ቢላዋ (ከንብርብር ብረት የሚሠራ፣ መስመር ያለው) የደራረብኩት ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ብርቱካናማ ይሆናል እንጂ አይጣበቅም። በመዶሻ ስመታው እንደ ፈቲራ ንብርብሩ ይላቀቃል። ቦራክሱ (ብረት ሲጣበቅ የሚነሰነሰው ዱቄት) ፎርጅድ ይሆን? ቢላዋው ለሰርግ ስጦታ ነው።

ከዚራ፦ ቦራክስ ጨምርበት።

የድሬ በያጅ፦ አቦ፣ እናንተ ልጆች ጋዝ ጋዝ ትላላችሁ። አባቶቻችን በወናፍና በከሰል ማረሻ ቀጥቅጠዋል። ብረት የሚጣበቀው ንጹሕ ሲሆን ነው። ዝገቱንና ጥቁሩን ቅርፊት በግራይንደር ሳታነሳ ብትደራርበው ልፋት ብቻ ነው።

ከዚራ፦ እኔም ያልኩት እኮ ነው፣ ቅርፊቱን የሚያቀልጠው ቦራክስ ነው። ብረቱ ሲቀላ ነስንስበት።

ቀፊራ፦ ቆይ፣ ባሌስትራ በባሌስትራ ላይ ነው? ቢጣበቅም መስመር አይወጣለትም። አንድ ዓይነት ብረት መስመር እንዲወጣ አሲድ ውስጥ ሲነከር እኩል ይጠቁራል። ኒኬል ያለበት ብረት አስገባበት። የጣውላ ባንድሶ (መሰንጠቂያ መጋዝ) ምላጭ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለው፣ እሱ ብሩህ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ባሌስትራ ክሮም ስላለው መጣበቅ ላይ ያስቸግራል።

ጠያቂ፦ መስመሩ ይቆየኝ፣ አሁን እሳቱን!

ሸዋ በር፦ ሬጉላተርህ (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው) የወጥ ቤቱ ነው?

ጠያቂ፦ አዎ። ሌላ አለ እንዴ?

ሸዋ በር፦ አብሽር፣ ችግሩ ተገኘ። የወጥ ቤቱ የሚሰጠው 30 ሚሊባር (0.03 ባር) አካባቢ ግፊት ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ ከግማሽ እስከ 1 ባር ይፈልጋል። ጋዙ ቀስ ብሎ ሲወጣ እሳቱ ይቀድመውና ወደ ኋላ ይገባል። ጌጅ ያለው የከፍተኛ ግፊት ሬጉላተርና ግፊቱን የሚችል ጎማ ግዛ። የቤቱን ሬጉላተር ፈተህ እንዳትነካካ። ውርጩ የሚመጣው ጋዙ ሲተን ከሲሊንደሩ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁመው፣ እሳት ግን አጠገቡ እንዳይደርስ! ብርቱካናማ አይበቃም፣ ወደ 1250 ዲግሪ ነው፣ ደማቅ ቢጫ። ንብርብሩ እስከ ውስጥ እስኪግል ታገስ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ቀለል ይበሉ፣ ካጠነከርክ ይንሸራተታል። ደጅ ሥራ፣ ወይም በርና መስኮት ክፈት። ከምድጃው የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) አለው፣ ሰው ይገድላል።

የድሬ በያጅ፦ ሲሊንደሩን ድሬ ላከው፣ እዚህ ያለ ሳፋም ይሞቃል!

ከዚራ፦ ጠያቂው፣ ምን ሆነ? ተጣበቀ?

አዲስ አባል፦ ባንድሶ ምላጭ ድሬ የት ይገኛል?

ቀፊራ፦ ጣውላ ቤቶች ጠይቅ፣ የተበጠሰውን ይጥሉታል።