ፀጉር በማሳደግ አገር ይለወጣል እንዴ?

የኪቶ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ አጂፕ ጋ ቡና ስንጠጣ የተነሳ ክርክር ነው፣ እስካሁን አልበረደልኝም። አንዱ ጓደኛችን ፀጉሩን ድሬድ አድርጎ መጣ። ሥራ ፍለጋ ላይ ያለ ልጅ ስለሆነ ሁላችንም «ምን ነካህ?» አልነው። እሱ ግን «ይሄ ተቃውሞ ነው» ብሎን ቁጭ። ማኅበረሰቡ የሰፋልኝን አልለብስም ማለት የለውጥ መጀመሪያ ነው ይላል። ፀጉር አሳድገው ከነባሩ ኑሮ ያፈነገጡትን የአሜሪካ ሂፒዎች፣ የቬትናምን ጦርነት ተቃውሞ፣ የፓሪስን የ1968 የተማሪ አመፅ እየደረደረ አፋችንን አስያዘን። ሌላኛው ደግሞ «ሂፒዎቹ ሲጨፍሩ ወግ አጥባቂው ኒክሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ» ብሎ አሳቀን።

እኔ ሁለቱም አልዋጥልህ አሉኝ። ካውንተርካልቸር የሚሉት ነገር፣ ማለትም በአለባበስ፣ በሙዚቃና በአኗኗር ከነባሩ ማፈንገጥ፣ የእውነት ለውጥ አምጥቶ ያውቃል? ወይስ ሕግና ኑሮ የሚቀየረው በሌላ መንገድ ነው? እባካችሁ ስድብ ትታችሁ ምሳሌ ስጡኝ።

ሂርማታ ማዶ

የሳቀው ጓደኛህ ተሳክቶለታል። ዉድስቶክ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ድግስ ላይ በነሐሴ 1969 (በፈረንጆቹ) ወደ 400 ሺህ ሰው ተሰብስቦ ሦስት ቀን ሙሉ ሙዚቃ ሰማ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኒክሰን ከ50ው ግዛት 49ኙን ጠራርጎ ወሰደ። ፓሪስም ያው ነው፤ በግንቦት ከተማው ተገለባበጠ፣ በሰኔ ምርጫ የፕሬዚዳንቱ የደጎል ወገን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ጭራሽ ረጅም ፀጉሩ ሌላውን ሕዝብ አስደንግጦ ወደ ኒክሰን ገፋው ባይ ነኝ።

ለውጥ ማየት ከፈለግህ የአሜሪካዋን ከተማ ሞንትጎመሪን እይ። የዚያ ከተማ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ ነጭና ጥቁር ተለይቶ የሚቀመጥበት አውቶቡስ አንሳፈርም አሉ፣ 381 ቀን ቆዩበት። ማንም ፀጉሩን አላንጨባረረም፤ ክራቫት አስረው፣ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ነው ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ የሚሄዱት። አንዲት የኮሌጅ መምህርት በአንድ ሌሊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አባዝታ አስበተነች። መኪና ያለው ሌላውን እያደረሰ፣ የሌለው በእግሩ እየኳተነ፣ ፍርድ ቤቱ ጋ ደግሞ ጠበቆች ጉዳዩን ይዘው ቆመው ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ውስጥ ዘር መለየት ሕገወጥ ነው አለ። ጓደኛህ ድሬዱን ይዞ ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ከሆነ አብሬው አለሁ። ካልሆነ ፀጉር ነው።

ጡረታ ላይ

ልጆቼ፣ የሩቁን ስታወሩ የቅርቡን ዘለላችሁት።

የእኛ ዘመን ተማሪ የካቲት 1957 ላይ «መሬት ላራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ሰልፍ ሲወጣ ሰው እንደ እብድ ነበር ያየው። ንጉሥ ባለበት አገር፣ አብዛኛው ባለሥልጣን ባለመሬት በሆነበት አገር! ታዲያ በአለባበስ ከመጣችሁ ተማሪው ሂፒ አልነበረም። እንዲያውም መጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ፣ ሚኒስከርት የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው የተቃወሙት፣ ሊያይ የመጣውን እንግዳ ያዋከቡት፣ እነዚያው ተራማጅ የሚባሉት ልጆች ናቸው። አብዮተኛው በቀሚስ ርዝመት ከአያቴ ጋር ነበር የሚስማማው። ይሄ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ታኅሣሥ 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ነገሩ ግን የገነፈለው በተማሪ ብቻ አይደለም። በ1966 ነዳጅ ሲወደድ ታክሲ ነጂው ቆመ፣ ሴክተር ሪቪው በሚባለው የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ የተከፋው መምህር ቆመ፣ ነገሌ ቦረና ያለው ወታደር ቀድሞም በምግብና በውሃ ጉዳይ አምጾ ነበር። ተማሪው አሥር ዓመት ሲጮኸው የነበረው ቃል አፍ ላይ ስለተገኘ ሁሉም አነሳው። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተባለ።

እኔ በዚያው ዓመት፣ ተማሪው ገበሬውን እንዲያደራጅ ወደ ገጠር ሲላክ፣ የዘመትኩት ከጅማ ወጣ ብሎ ወዳለ ገጠር ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሲመሠረት አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያርሱትን ሲሶውን፣ ሲከፋም እኩሌታውን ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው። የባለመሬቱ ወኪል ከውጭ ገባ። ሽማግሌው ከልማድ ብዛት ጉልበታቸው ብድግ ሊል ሲል አየሁት። ወዲያው የበርጩማውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ። ወኪሉ የሚቀመጥበት አጥቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። «ለውጥ» ሲባል እኔ የማስበው እሱን ነው።

ግን ሙሉውን ልንገራችሁ። የጮኹት ልጆች ሥልጣን አልያዙም፣ ወታደሩ ያዘው። ብዙዎቹ በቀይ ሽብር አለቁ። መሬቱም ላራሹ ተባለና የሕዝብ ነው ተብሎ መንግሥት እጅ ገባ፣ አራሹም ቆይቶ እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ አስረክብ ተባለ። ስለዚህ ጥያቄው ተመለሰ፣ የመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ በሚመቸው መንገድ መለሰው።

ሻሸመኔ ያደግሁ

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ፣ ግን ፀጉሩን እንዲህ በቀላሉ አትለፉት። እኔ ራስታዎች መሀል ነው ያደግሁት። ጃማይካ ውስጥ ድሬድ ማድረግ ከሥራና ከትምህርት ቤት የሚያስባርር፣ ፖሊስ አስሮ የሚላጭበት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ ከተፈጠረ ግጭት በኋላ ራስታ የተባለ ሁሉ ታድኖ ታሰረ፣ ተደበደበ። ሰዎቹ ግን ፀጉራቸውን አልቆረጡም። በ2015 ለእምነታቸው የሚጠቀሙበትን ዕፅ ሕጉ ፈቀደላቸው፣ በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ኮራል ጋርደንስ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። አብዛኞቹ መሣሪያ አላነሡም፣ ምርጫም አላሸነፉም። ዋጋ እየከፈሉ እንደዚያው ሆነው ኖሩ፣ በቃ።

@ሂርማታ ማዶ የሞንትጎመሪው ሰው ክራቫት አሰረ ማለት ፀጉር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጥያቄው ማፈንገጥህ ምን ያስከፍልሃል ነው። አጂፕ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጡ ድሬድ ማድረግና በ1963 ጃማይካ ውስጥ ድሬድ ማድረግ አንድ አይደሉም።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁም ስለ ወንድ ነው ያወራችሁት፣ ልብ ብላችኋል? 😄 ሚኒስከርቷን የለበሰችውን ልጅ ማንም አልጠየቃትም። ጋሼ «አያቴ» ብለው ስላነሱት እኔም ላንሳው። አገር ለመቀየር የተነሱት ልጆች እህቶቻቸው ምን ይልበሱ የሚለው ላይ ሲደርሱ ከአባቶቻቸው ምንም አልተሻሉም ማለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችላለች። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሄደ፣ ያ አንቀጽ ግን ንቅንቅ አላለም። የተቀየረው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ዕድሜው 18 ሆነ፣ የባል ራስነት ቀረ። ከዚያ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ፣ የኛ ኦሮሚያም ጭምር። ከጀርባው ዘፈንም የተለየ ፀጉርም አልነበረም። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ፋይል ተሸክሞ ሲመላለስ ነው የቆየው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ፎቶ አይነሳም።

ግን ከሻሸመኔው ልጅ ጋርም እስማማለሁ። ሕጉ ወጥቶም ሰፈራችን ውስጥ ልጅቷን በ16 የሚድር አለ። እዚያ ጋ ሕጉን የምታስከብረው «እምቢ» ብላ የቤተሰቧን ኩርፊያ የምትችል አንዲት ልጅ ናት። እሷም ከባህል ያፈነገጠች ናት፤ ግን ማንም ካውንተርካልቸር ብሎ አይጠራትም፣ ባለጌ ነው የሚሏት።

የኪቶ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ። ለጓደኛችን ሁሉንም አነበብኩለት። ድሬዱን አልቆርጥም ብሏል። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ኮፍያ አደርጋለሁ አለ።

ሂርማታ ማዶ

😂😂 አብዮቱ ኮፍያ ሥር ገባ በሉኛ።

ጡረታ ላይ

አትሳቁበት። እኛም የተከለከለ ወረቀት ደብተር ውስጥ ደብቀን ነበር ክፍል የምንገባው። ልጁ ከኮፍያው ሥር ሌላ ምን እንደያዘ ጠይቁት እስቲ።