«ፎርማት ባዶ ሣጥን ነው» ላላችሁ

ታዛቢው፦
ትናንት ማታ ስለ ቴሌቪዥን የጨዋታ ፕሮግራሞች በተደረገ ውይይት ላይ አንዱ እንግዳ «ዋናው አቅራቢው ነው፤ ጎበዝ አቅራቢ ካለህ የትኛውም ውድድር ይሰምርልሃል» አሉ። አወያዩም ሌሎቹም «ልክ ነው» ብለው አለፉት። እኔ ግን ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ከመካከላቸው አንድ ሰው «ጃኪ ግሊሰንስ?» ብሎ አይጠይቅም? በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ግሊሰን አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነ ኮሜዲያን ነበር። ሲቢኤስ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዩ አር ኢን ዘ ፒክቸር» የሚባል ጨዋታ ሰጠው። ታዋቂ ሰዎች በትልቅ ሥዕል ላይ በተበሳ ቀዳዳ ፊታቸውን ያወጣሉ፤ ሥዕሉን እነሱ አያዩትም፤ ግሊሰንን እየጠየቁ ምን ሥዕል ውስጥ እንደገቡ ይገምታሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቀን ተላለፈ። በሳምንቱ ግሊሰን ባዶ መድረክ ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠና ፕሮግራሙን በሙሉ ተመልካቹን ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ። ጨዋታው ዳግም አልታየም። አቅራቢ የሚያድን ቢሆን ያን ቀን ያድን ነበር።

ዳኘው፦
ወንድሜ፣ አንድ የ1961 ታሪክ ይዘህ ሰውየውን አታሳጣቸው። ትክክል ናቸው። ፎርማት፣ ማለትም የጨዋታው ደንብና አካሄድ፣ ባዶ ሣጥን ነው፤ የሚሞላው አቅራቢው ነው። የአሜሪካውን ፋሚሊ ፊውድን ውሰድ፤ ሁለት ቤተሰብ 100 ሰው ተጠይቆ በብዛት የሰጠውን መልስ የሚገምትበትን። በ1976 በሪቻርድ ዳውሰን ሲጀመር አገር ምድሩ ይከታተለው ነበር። ከዚያ በኋላ አቅራቢ በአቅራቢ ላይ ተፈራረቀ። ሁለቱ ቤተሰቦች ያው፣ 100 ሰው የተጠየቀው ጥያቄ ያው፣ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። በ2010 ስቲቭ ሃርቪ ሲመጣ ነፍስ ዘራ። ሣጥኑ አልተለወጠም፤ ሰውየው ነው የተለወጠው።

ንግሥት፦
«ባዶ ሣጥን» ነው ያልከው? ዳኘው፣ ምሳሌህን ስትመርጥ ተጠንቀቅ እንጂ። ከሆላንድ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው ዲል ኦር ኖ ዲል ከሣጥን ሌላ ምን አለው? በመጀመሪያው የእንግሊዝ ዝግጅት 22 ሣጥን ነበር፤ በውስጣቸው ከአንድ ፔኒ እስከ 250,000 ፓውንድ። ጥያቄ የለ፣ ዕውቀት የለ። ሰው ዓይኑን የማይነቅለው ሣጥኑ ተዘግቶ ስለቆመና ባለባንኩ ስልክ እየደወለ «ይህን ያህል ልስጥህና ተው» ስለሚል ነው።

ዳኘው፦
ቃሌን አትጠምዝዢብኝ እህቴ። እኔ ባዶ ያልኩት በራሱ ስለማይቆም ነው። ያንን ጨዋታ በእንግሊዝ ከ2005 እስከ 2016 የተሸከመው ኖኤል ኤድመንድስ ነው፤ አሜሪካ ላይ ሃዊ ማንዴል። ሣጥን ሲከፈት ብቻውን ማን ያያል?

ታዛቢው፦
እንግዲያው ሬድ ኦር ብላክን አስረዳኝ። 2011፣ የእንግሊዙ አይቲቪ፤ ቀይ ወይስ ጥቁር ብሎ የመገመት ጨዋታ። ሐሳቡ የሳይመን ካውል፣ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ፓውንድ፣ አቅራቢዎቹ አንት እና ዴክ። ከእነሱ በላይ በእንግሊዝ ተመልካች የሚወደድ አቅራቢ ካለ ጥራልኝ። ያንተ ሣጥን እስከ አፉ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ሁለት ዙር ሄዶ ሞተ።

ሚኪ፦
ሬድ ኦር ብላክ የሞተው ዕድል ብቻ ስለሆነ ነው። ሰው ያለ ችሎታ ሚሊዮን ሲወስድ ማየት ያናድዳል።

ንግሥት፦
አይደለም ሚኪ! ዲል ኦር ኖ ዲልም እኮ ዕድል ብቻ ነው። ልዩነቱን ልንገርህ። ቀይ ወይስ ጥቁር ሲባል ተወዳዳሪው የሚያስብበት ነገር የለውም። ቀይ ያለበት ምክንያት የለ፣ ጥቁር ያለበት ምክንያት የለ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ «ተው! ቀይ አትበል!» የምልበት ምክንያት የለኝም። ሣጥኖቹ ጋ ግን ሁለት ሲቀሩ አንዱ ውስጥ 250,000፣ አንዱ ውስጥ 10 ፓውንድ እንዳለ እናውቃለን። ባለባንኩ 80,000 አቀረበ እንበል። እናቴ «ተቀበዪ!» ትላለች፤ ወንድሜ «እስከ መጨረሻው!» ይላል። ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ዕድሉ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ውሳኔው ግን የሰው ነው። ኢኮኖሚስቶች ሳይቀሩ ሰው አደጋን እንዴት እንደሚመዝን ለማወቅ ያንን ፕሮግራም አጥንተውታል፤ ከ2008ቱ ጥናት አዘጋጆች አንዱ በኋላ ኖቤል ያገኘው ሪቻርድ ታለር ነው። ባዶ ሣጥን ማንም አያጠናም።

ዳኘው፦
አሁንም «ባዶ ሣጥን»። አንድ ቃል ይዘሽ ልታነጊ ነው?

ንግሥት፦
የተናገርከው አንተ ነህ።

ጋሽ ወርቁ፦
ልጆች፣ ገንዘብና ሣጥን ላይ ብቻ ቆማችሁ ሥረ ነገሩን ረሳችሁት። ትዌንቲ ዋን የሚባለው የአሜሪካ የጥያቄና መልስ ውድድር በ1956 ሲጀመር የመጀመሪያው ምሽት በሐቅ የተደረገ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄው ከበዳቸውና ብዙውን ሳይመልሱ ቀሩ። ፕሮግራሙን በገንዘብ የሚደግፈው ድርጅት በማግስቱ ተቆጣ። አዘጋጆቹ ከዚያ ወዲያ መልሱን አስቀድመው ማስጠናት ጀመሩ። ተወዳዳሪው በሚቆምበት የመስታወት ክፍል ውስጥ እንዲያልበው የአየር ማቀዝቀዣውን ይዘጉ ነበር። ሲያሸንፍ የነበረው ኸርበርት ስቴምፕል የሚያውቀውን መልስ ሆን ብሎ እንዲስት ታዘዘ፣ ለተጋጣሚው ለቻርልስ ቫን ዶረን ቦታ ለቀቀ። በ1959 ቫን ዶረን ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ፤ በ1960 ደግሞ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። እኔ የምለው፣ የጨዋታ ፕሮግራም የሚቆመው በእምነት ነው። እምነቱ ከሄደ አቅራቢም ፎርማትም አያድነውም።

ታዛቢው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ለምን አጭበረበሩ? ፎርማቱ በሐቅ ስለማይሠራ! ጥያቄው ከባድ፣ ምርጫ የለው፣ ያላወቀ ሰው መስታወት ውስጥ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ተመልካቹም አብሮት ዝም ይላል። በ1998 እንግሊዞች ሚሊየነር የሚባለውን ውድድር ሲያወጡ ይህንኑ ቀዳዳ ነው የደፈኑት። 15 ጥያቄ፣ የመጀመሪያዎቹ ለሁሉም የሚቀልሉ። አራት ምርጫ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ባላውቅም «ቢ ይመስለኛል» ማለት እችላለሁ። ሦስት የእርዳታ ዕድል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተወዳዳሪው ጥያቄውን ካየ በኋላ ገንዘቡን ይዞ መሄድ ይችላል። ማንንም ሳያጭበረብሩ ልብ አንጠልጥለው አስቀመጡን።

ሚኪ፦
ቫን ዶረን ግን ተጎጂ ነው እኮ። ሁሉን ያቀነባበሩት አዘጋጆቹ ሆነው ስሙ የጠፋው የእሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ጋሽ ወርቁ፦
ልጄ፣ ያ ሰው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነበር። ከ100,000 ዶላር በላይ ወስዷል፣ ሳምንታት ሙሉ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ቆሟል። ተጎጂ አትበለው። ተጎጂው አምኖ ያየው ሕዝብ ነው።

ሚኪ፦
አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጋሼ፣ ስቴምፕልም እኮ መልስ እየተሰጠው ነው ያሸነፈው። እውነቱን ያወጣው ከተሸነፈ በኋላ ነው። እሱን ማንም አይወቅሰውም።

የማታ ወፍ፦
እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ዳኘው፣ የህንዱን ሚሊየነር፣ ካውን ባኔጋ ክሮርፓቲን ለምን አላነሳህም? አሚታብ ባችቻን በ2000 ጀመረው፤ በ2007 ሻህ ሩክ ካን ተተካ፤ በ2010 ባችቻን ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲያ ወንበሩን የነካው የለም። ለአንተ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ዳኘው፦
አመሰግናለሁ! ይኸው። ጥያቄው ያው፣ ሙዚቃው ያው፣ ወንበሩ ያው። ሻህ ሩክን የሚያህል ኮከብ ተቀመጠበትና አልሆነም።

ንግሥት፦
ከመደሰትህ በፊት የ2000ውን ባችቻን አስታውስ። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ወድቆ፣ ፊልሙም ቀዝቅዞበት ነበር። ማን ነው ያነሳው? ጨዋታው ነው! ባዶ የምትለው ሣጥን ነው ሰውየውን ከወደቀበት ያነሳው። ሌላም ልጨምርልህ፤ አንተው ያመጣኸውን። ሪቻርድ ዳውሰን በ1994 ወደ ፋሚሊ ፊውድ ተመልሷል። ያው የምትወደው ዳውሰን። በ1995 ፕሮግራሙ ተዘጋ። አቅራቢ የሚሞላው ከሆነ ምነው አልሞላም?

ዳኘው፦
በ1994 እኮ ፎርማቱን ነካክተውት ነበር! ግማሽ ሰዓት የነበረውን አንድ ሰዓት አድርገው ለጠጡት። እንዲህ ሆኖ ማን ቢያቀርበው ይሠራል?

ንግሥት፦
አሁን ምን አልክ? ድገመው። «ፎርማቱን ነካክተውት ነበር።» ባዶ ሣጥን ቢነካካ ምን ይሆናል?

ታዛቢው፦
አለቀ።

ዳኘው፦
ምንም አላለቀም። ሁለታችሁ ተሰብስባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብትዘፍኑ የሃርቪ ጉዳይ አይሰረዝም። መልስ የሰጠኝ የለም። ከ2010 በኋላ ምን ተለወጠ? ንገሩኝ።

የማታ ወፍ፦
እኔ ከሁለታችሁም እለያለሁ። ሰው የሚያስታውሰው ተወዳዳሪውን ነው። ኅዳር 1999፣ አሜሪካ፣ ሚሊየነር። ጆን ካርፔንተር የሚባል የታክስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አሥራ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ አንድም እርዳታ ሳይጠቀም። ለሚሊዮኑ ዶላር ጥያቄ «ለአባቴ ይደወልልኝ» አለ። ስልኩ ሲነሳ «አባዬ፣ እርዳታ አልፈልግም፤ ሚሊዮኑን እንደማሸንፍ ልነግርህ ብዬ ነው» አለ። መልሱን ተናገረ፤ ልክ ነበር። አቅራቢው ሬጂስ ፊልቢን ያን ማታ ምን እንደለበሰ እንኳ ትዝ የሚለኝ የለም፤ ያንን ስልክ ግን አልረሳውም።

ሚኪ፦
እሱ ትዕቢት ነው። እርዳታው ለማያውቅ ነው የተሰጠው።

የማታ ወፍ፦
ምን ትዕቢት አለው? ልጅ አባቱን ጠርቶ ደስታውን ተካፈለ። አንተ ብትሆን ማንን ትጠራ ነበር?

ታዛቢው፦
ያ ስልክ እኮ የፎርማቱ ሥራ ነው። ስልክ የመደወል ዕድል ባይኖረው ኖሮ አባቱን በምን ይጠራው ነበር? ጥሩ ጨዋታ ማለት ተራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግበት ቀዳዳ የተወለት ነው።

ጋሽ ወርቁ፦
ይህን ልቀበል። ግን ያው ሚሊየነር አሜሪካ ላይ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከዋናው ሰዓት ወረደ። ፎርማቱ አልተለወጠ፣ ፊልቢንም አልሄደ። ጣቢያው ኤቢሲ አገኘሁ ብሎ በሳምንት አራት ምሽት አሰራጨው። ሲበዛ ማርም ይመራል። ዊኬስት ሊንክ የሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድርም እንዲሁ። አቅራቢዋ አን ሮቢንሰን ለንደን ላይ በ2000 ተወዳዳሪን በምላሷ እየገረፈች ገነነች፤ በ2001 ራሷ አሜሪካ ሄዳ በኤንቢሲ አቀረበችው፤ በዓመቱ ወረደ። እዚህ ላይ ደግሞ ሣጥኑም የሚሞላው ሰውም ያው ናቸው።

ዳኘው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢያንስ እርስዎ «ሣጥኑም የሚሞላው ሰውም» ብለው ሁለቱን ጠሩ።

ንግሥት፦
ጋሼ፣ ማብዛት የቻናሉ ጥፋት ነው እንጂ የጨዋታው አይደለም። የአሜሪካዎቹ ጄፓርዲና ዊል ኦፍ ፎርቹን በሳምንት አምስት ቀን እየተላለፉ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። አሌክስ ትሬቤክ ከ1984 ጀምሮ አቅርቦት በ2020 ሲያርፍ ጄፓርዲ ቀጠለ። ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት አቅራቢውን ቦብ ባርከርን በ2007 ሸኝቶ እስከ ዛሬ አለ። ፓት ሴጃክ በ2024 ከዊል ኦፍ ፎርቹን ሲወርድ መንኮራኩሩ አልቆመም።

የማታ ወፍ፦
እነዚያ ለማለዳና ለማታ ልማድ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው እያቦካም እየተኮሰም ያያቸዋል። የሚሊዮን ዶላር ጨዋታ ግን ድግስ ነው። በየቀኑ አይደገስም።

ንግሥት፦
ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። አስብበታለሁ።

ሚኪ፦
ገንዘቡን ስታቃልሉት ነው የማይገባኝ። ሰው ብር ለማየት ነው የሚቀመጠው።

ታዛቢው፦
ሚኪ፣ ብሩ ብቻ ቢበቃ ሚሊየን ዶላር መኒ ድሮፕ ይኖር ነበር። ታኅሣሥ 2010፣ ፎክስ። እውነተኛ የብር እሽግ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ፣ የተሳሳተው መልስ ሥር መሬቱ ተከፍቶ ይወድቃል። በመጀመሪያው ምሽት አንድ ጥንዶች ከሦስት ዕቃዎች የትኛው ቀድሞ ገበያ ላይ ዋለ ሲባሉ 800,000 ዶላር ፖስት ኢት (ተለጣፊው የማስታወሻ ወረቀት) ላይ አስቀመጡ። የፕሮግራሙ መልስ ዎክማን (ይዘውት የሚዞሩት የካሴት ማጫወቻ) ነበር፤ ገንዘቡ ወደቀ። በኋላ ተመልካቾች ፖስት ኢት በ1977 በአንዳንድ ከተሞች በሙከራ ተሽጦ እንደነበር አወጡ። አዘጋጆቹም ስህተቱን አምነው ጥንዶቹን «ተመልሳችሁ ተጫወቱ» አሏቸው። ሳይመለሱ ፕሮግራሙ ተሰረዘ። ጋሼ ያሉት እምነት ይኸው ነው። ያ ሁሉ ብር ዓይናችን እያየ ሲወድቅ ጥያቄው ልክ መሆኑን ካልተማመንን ምን ልናይ እንቀመጣለን?

ጋሽ ወርቁ፦
አሁን ተግባባን።

ዳኘው፦
እናንተ ተግባቡ። እኔ የምጠብቀው አንድ መልስ ነው፤ ስቲቭ ሃርቪ። ያው ሁለት ቤተሰብ፣ ያው 100 ሰው።

ንግሥት፦
ሃርቪ ቀልዱን ከራሱ አያመጣም፤ የሚቀልደው ቤተሰቡ በሰጠው መልስ ነው። «በል አንድ ነገር ጥቀስ» ተብሎ ሰው የማይሆን ነገር ሲናገር፣ ያ ፊቱ። ያንን መልስ ያስወጣው ጥያቄው ነው። ጥያቄውን አንሳና ሃርቪ ምን ላይ ያፈጣል?

ዳኘው፦
ያፈጠጠው ግን እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ያንኑ መልስ ሰምተው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ንግሥት፦
ነገ እመለስበታለሁ። የዳውሰንን የ1994 ጉዳይ ግን አልለቅህም።