የራክ ጎሚኒ ለማስቀየር፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «መሪው ልል ሆነብኝ፣ ይንኳኳል፣ የት ላሳየው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። እኔም ባለፈው ክረምት በዚሁ ጣጣ ሦስት ጋራዥ ዞሬያለሁ፣ ጥፋተኛው የራክ ጎሚኒ ሆኖ ተገኘ። ራክ የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰው ክፍል ነው፣ ጎሚኒው ደግሞ እሱን የሚይዘው ላስቲክ።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ያቺን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በየቀኑ እመላለሳለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ኩርባው ላይ መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናዋ ግን ቆይታ ነው የምትታዘዘኝ። ወዲያው ከእግሬ ሥር «ቋ» ይላል። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ደግሞ መንኳኳቱ አያቋርጥም። ጉም ወርዶ፣ ከፊት ከባድ መኪና እየተሳበ፣ በዚያ ቁልቁለት መሪህን ማመን ሲያቅትህ ያስፈራል።

የመጀመሪያው ጋራዥ መኪናዋን ዞር ዞር አድርጎ ነዳና «ራኩ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለኝ። ሥሯን እንኳ አላየም። ሁለተኛው ቴስቲኒ፣ ማለትም ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ፣ ቀየረልኝ፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ሁለቱም ደሴ ናቸው፣ ስም አልጠራም።

ሦስተኛው ኮምቦልቻ ነው። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ መካኒክ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቆሙና ከሥር ገቡ። «ሞተሩን አስነሳ፣ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ በለው» አሉኝ። ቀጥለው ረዳታቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው «ና አንተም እይ» ብለው ጠሩኝ። ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ ራኩ ከነአካሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል! ከመሪው ዘይት ቱቦ የሚንጠባጠበው ዘይት ጎሚኒውን አርሶት፣ አብጦና ላልቶ ማስቲካ መስሏል። ራኩ ራሱ ምንም አልሆነም። ያለቀው ራኩን ከሻንሲው ጋር አቅፎ የሚይዘው ጎሚኒ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጥቆማዬ ከከተማው በፊት ይህን ፍተሻ የሚያደርግ መካኒክ ፈልጉ ነው። ሲፈተሽ ጎማዎቹ መሬት መርገጥ አለባቸው። በክሪክ ከተነሳች ጎማው በነፃ ስለሚዞር የራኩ መንሸራተት አይታይም። ክሪክ የሚያስፈልገው ለቴስቲኒው ነው፤ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዞ መነቅነቅ። ጎሚኒ በተፈጥሮው በትንሹ ይለጠጣል፣ ያ ችግር የለውም። ራኩ በግልጽ ሲንሸራተት ወይም ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሆነ ግን አትቆዩ። ደግሞ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ አደራ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ኦርጅናሉ ከተገኘ እሱን ግዙ። ውድ ነው፣ ግን ከሙሉ ራክ ጋር አይወዳደርም። ርካሹን ስትገዙ በእጃችሁ ጨምቁት፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሄዳችሁ ቀዳዳውንና ውፍረቱን አነጻጽሩ። እኔ ደሴ ፒያሳ የገዛሁት የመጀመሪያው ልኩ አልገጠመም፣ መልሼ ቀየርኩት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ነው፣ ዘይትም ከላስቲክ በተሻለ ይችላል። መሪውን ቆፍጠን ያደርገዋል፣ ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ እጅ ያመጣል። በኮብልስቶን ለምትውል መኪና እኔ አልመርጠውም። ቶርኖ ቤት የሚያስቀርጹም አሉ። ለሌላ ነገር ቶርኖ ቤቶቻችንን እወዳለሁ፣ ለመሪ ግን አይሆንም እላለሁ። ከደረቅ ፕላስቲክ የተቀረጸ ነገር አይለጠጥም፣ ንዝረቱ በሙሉ ራኩ ላይ ያርፋል።

የእኔዋ ላይ ጎሚኒው በብረት ማቀፊያ ስለሚያዝ ራኩ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ተቀየረ፣ ከሰዓት በኋላ ገብታ ሳይመሽ ወጣች። ጎሚኒው ራኩ ጆሮ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚገባባቸው መኪኖች ላይ ግን ራኩ ወርዶ በፕሬስ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ጠይቁ። ራኩ የሚወርድ ከሆነ የመሪው ዘንግ ሳይፈታ ቦታው ላይ ምልክት ይደረግ፣ መሪውም በቀበቶ ይታሰር። ዝም ብሎ ከዞረ ውስጥ ያለው የኤርባግ ገመድ ይበጠሳል። ቡሎኑም በግምት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይጠበቅ። እና የዘይቱ ፍሳሽ ሳይደፈን አዲስ ጎሚኒ አታስገቡ፣ ያው ተመልሶ ይበላሻል።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ላላችሁት፣ እኔ ዕቃውን ደሴ አማርጬ፣ ሥራውን ኮምቦልቻ አሠራሁ። ደሴ ጥሩ መካኒክ የለም ማለቴ አይደለም፣ ከሥር ገብቶ የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ ሐረጎን መውረድ አያስፈልግም። ራኩ ከወረደ ወይም መሪው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ደግሞ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠሩ፣ አለበለዚያ ጎማ ይበላል።

አይሱዙ የጭነት መኪና ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ የእናንተ በራክ ሳይሆን በሳጥን የሚሠራ መሪ ነው። ለሃይሉክስ ቪጎ ግን ጥሩ የራክ ጎሚኒ ያገኘ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ የወንድሜ መኪና ያንኑ ድምፅ ጀምራለች።