የወንጪ የጠዋት ጉም ፎቶ ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ምን ይሻላል?

ማለዳ_12፦
ሰላም ለቤቱ። ከወንጪ (የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሐይቅ) አፋፍ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁን ከነጉሙ ለማንሳት ነው። ያሉኝ ሌንሶች 18–55 ሚ.ሜ. (ሰፊው) እና 70–300 ሚ.ሜ. (አቅራቢው) ናቸው። አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 16፣ የቀረው ሁሉ አውቶ። ሦስት ችግር አለ፦ በዓይን ነጭ የሆነው ጉም ፎቶው ላይ የቆሸሸ ግራጫ ይመስላል፤ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ አይይዝም፤ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ደግሞ ሰማዩ ይነጣል። ፊልተር ልግዛ? ጉሙ በየትኛው ወር እንደሚሻልም ብትነግሩኝ።

ባለ_ሦስት_እግር፦
ወንድሜ፣ ፊልተሩን ተወው። ግማሽ ጥቁር የሆነው ፊልተር ለባሕር ዳርቻ ቀጥ ያለ አድማስ ነው የሚሆነው፤ ወንጪ ላይ አድማሱ ጥርስ ጥርስ ስለሆነ ተራራውንም አብሮ ያጠቁርብሃል።

ግራጫው የመጣው ከብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ፍሬሙን ነጭ ጉም ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ፎቶውን ማብሪያና ማጨለሚያውን) ከ+0.7 እስከ +1.3 ድረስ ከፍ አድርገውና ሂስቶግራሙን (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ) እይ፤ ወደ ቀኝ ይጠጋ፣ የቀኙን ጠርዝ ግን አይንካ። ፀሐይዋ ፍሬም ውስጥ ከገባች በኋላ ይህ አይሠራም፤ ወደ 0 መልሰህ −2፣ 0፣ +2 ሦስት ፍሬም አከታትለህ አንሳና ኮምፒውተር ላይ አዋህዳቸው። የፀሐይዋ ክብ ራሷ ብትነጣ ምንም አይደል፣ ዙሪያዋ ያለው ቢጫ ካልጠፋ።

ኤፍ 16 ለምን? ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ላይ ያለች ብናኝ ሁሉ ለስላሳው ጉም ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። ኤፍ 8 ይበቃል። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥተህ 5,200 ኬልቪን ላይ እሰረው፤ አውቶ የጥላውን ሰማያዊና የብርሃኑን ወርቃማ ሁለቱንም ሊያስተካክል ሲል ያጠፋቸዋል። በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ይህን በኋላም ትመልሰዋለህ።

ፎከስ፦ ካሜራው የሚይዘው ጠርዝ ይፈልጋል፣ ጉም ደግሞ ጠርዝ የለውም። ወደ ማኑዋል ቀይር፣ ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉላ፣ የአንድ ጥድ ግንድ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ላይ አስተካክል፣ ከዚያ ቀለበቱን አትንካ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻ አዙሮ «ሩቅ ነው» ማለት አይሠራም፤ ብዙ ሌንሶች ከሩቅ ነጥብ ትንሽ አልፈው ነው የሚቆሙት።

ጉም_ዘጋኝ፦
ሴቲንጉ ልክ ነው፤ ግን ጀርባህን ለፀሐይ ሰጥተህ ከቆምህ +1.3ም አያድንህም። ጉም የሚያበራው ብርሃኑ ከፊት ለፊትህ ወይም ከጎን ሲመጣ ነው። ስለዚህ በምዕራቡ አፋፍ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ተመልከት። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ስለምታፈነግጥ የባለፈው ዓመት ቦታህ ዘንድሮ በሌላ ወር ላይሆን ይችላል።

ወሩን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። መሬቱ ከክረምቱ እርጥብ ነው፣ ሌሊቱ ጥርት ይላል፣ ቀዝቃዛው አየር በገደሉ ወርዶ ሣህን በመሰለው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሐይቁም ከአየሩ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ እንፋሎት ይሰጣል። ማታ ነፋስ ካለ ወይም ሰማዩ ከደመነ ግን ጉም አትጠብቅ። በሐምሌ የምታየው ራሱ ደመናው ነው፤ መሐሉ ትቆማለህ እንጂ ከላይ አታየውም።

ሰዓት፦ በጥቅምት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12:15 ገደማ፣ በጥር 12:50 ገደማ ነው። ይህ ግን ለሜዳ ነው። ከፊትህ ያለው ሸንተረር 5 ዲግሪ ከፍ ካለ 20 ደቂቃ ያህል ጨምር። እኛ ጋ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ወርቃማው ብርሃን አውሮፓውያን በቪዲዮ እንደሚያሳዩት አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ግማሽ ሰዓት ካገኘህ ጥሩ ነው። 11:30 ላይ ትራይፖዱ ተተክሎ ይጠብቅ። ፀሐይ እንደወጣች ጉሙ ወፍሮ ሁሉን ቢሸፍን ዕቃህን አትሰብስብ፤ መሬቱ ሲሞቅ ይቀደዳል፣ ሐይቁ ላይ ያለችው የቂርቆስ ደሴትም በቀዳዳው ብቅ ትላለች። ለዚያች ቅጽበት 70–300ው ነው የሚያስፈልገው፤ ሰፊው ሌንስ ደሴቷን ነጥብ ያደርጋታል።

ደጋ_ካም፦
የረሳችሁት ጤዛውን ነው። የፊት መስታወቱ ሌሊቱን ወደ ሰማይ እያየ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይይዘዋል፤ ሰውየው ጉሙ የወፈረ ይመስለዋል። የሌንሱን ኮፍያ (ከፊቱ የሚገጠመውን ከለላ) አድርግለት፣ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ያዝ፣ በየ10 ደቂቃው በባትሪ መብራት እይ። በትንፋሽህ አትጥረገው። ወደ ሞቀ ቤት ስትመለስ ካሜራውን በደንብ በታሰረ ፌስታል ውስጥ አድርገህ እስኪሞቅ አትክፈት፣ አለበለዚያ እርጥበቱ ውስጥ ይገባል። ትርፍ ባትሪ ከደረት ኪስ።

በኤዲቲንግ ላይ «ዲሄዝ» የሚለውን (ጭጋግ መቀነሻውን) ወደ ፕላስ አትግፋው። ለጉም ብለህ በሌሊት ተነስተህ ጉሙን መልሰህ ልታጠፋ?

ማለዳ_12፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 70–300ው ላይ ያለው ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሰው) ትራይፖድ ላይ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

ባለ_ሦስት_እግር፦
አጥፋው፤ የቆዩ ሌንሶች ላይ የሌለ መንቀጥቀጥ ሲፈልግ ራሱ ያንቀጠቅጣል። የ2 ሴኮንድ ቆጣሪ ተጠቀም፣ የትራይፖዱን የመሐል ዘንግም ወደ ላይ አትምዘዘው።