መንስኤው ያልታወቀ አለርጂ፦ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ እንዴት ይኖራል?

ጥያቄ፦ ምክንያት ፈላጊ

ለወራት የዘለቀ የአለርጂ ችግር አለብኝ፤ እስካሁን ግን መነሻውን የነገረኝ ሰው የለም። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታ ላይ ቀላ ያለ፣ ከቆዳ ከፍ ያለና ክፉኛ የሚያሳክክ ሽፍታ በክንዴ፣ በሆዴና በጭኔ ላይ ይወጣል፤ ሲነጋ ከአንዱ ቦታ ጠፍቶ በሌላው ይታያል። አልፎ አልፎም ከንፈሬ ወይም የዓይኔ ቆብ ያብጣል። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን አንድ ቀን ከሽፍታው ጋር ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎኝ፣ ድምፄ ተዘግቶና ራሴን አዙሮኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል የተወሰድኩበት አጋጣሚ ነው። እዚያ መርፌ ተወግቼ ጥቂት ሰዓታት ከተከታተሉኝ በኋላ «አለርጂ ነው፤ የሚያስነሳብሽን ነገር ፈልገሽ ራቂው» ተብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በምክሩ መሠረት የደም ምርመራ አደረግሁ። ውጤቱ ለወተት፣ ለስንዴ፣ ለእንቁላልና ለኦቾሎኒ «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» የሚል ስለነበር አራቱንም አቆምኩ። ሳሙናዬን፣ የልብስ ማጠቢያዬንና የፊት ቅባቴንም ቀየርኩ። ሽፍታው አልቀነሰም፤ የቀነሰው ክብደቴ ብቻ ነው።

መንስኤውን በሥርዓት የመፈለጊያ መንገድ ካለ ከየት ይጀመራል? ደግሞስ፣ ለእኔ የባሰው ይህ ነው፣ እስኪታወቅ ድረስ እንዴት ይኖራል? እያንዳንዱን ጉርሻ በጥርጣሬ እያየሁ፣ ብቻዬን ለመተኛት እየፈራሁ፣ ሰው ሲጋብዘኝ ሰበብ እየፈለግሁ ከርሜያለሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ወይም በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የቆየ ታማሚ

እግዚአብሔር ይማርዎት። ይህ ዓይነቱ ሽፍታ ለዓመታት አብሮኝ የኖረ ስለሆነ ጭንቀቱ ይገባኛል። የገለጹት ነገር ለእኔ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ይመስለኛል፤ አንድ ላይ ስለተያዙ ፍለጋውም ሳይወሳሰብብዎት አልቀረም።

በየማታው እየወጣ የሚጠፋው ሽፍታ ከ6 ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ዩርቲኬሪያ ይሉታል። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ዘንድ ይህ ከምግብም ሆነ ከሳሙና የሚመጣ አይደለም። በቆዳ ውስጥ ያሉት ማስት ሴል የተባሉ ሕዋሳት ከውጭ የሚቀሰቅሳቸው ነገር ሳይኖር ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ በብዙዎቻችን ላይ ሕዋሳቱን የሚነካካቸው የራሳችን የሰውነት መከላከያ መሆኑ ይታወቃል። ከታይሮይድ እጢ ሕመም ጋር አብሮ መታየቱም የተለመደ ስለሆነ የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝልዎት ሐኪምዎን ቢጠይቁ መልካም ነው። ስለዚህ አራት ምግብ አቁመው ሽፍታው ካልቀነሰ፣ ፍለጋው ከሽፏል ማለት ሳይሆን አንድ ትልቅ መልስ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ለየማታው ሽፍታ ተጠያቂዎቹ ምግቦቹ አይመስሉም።

የደም ምርመራው ውጤትም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ምርመራው የሚለካው አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ በደም ውስጥ መገኘቱ ሰውነት ያንን ምግብ «ያውቀዋል» ከማለት አያልፍም፤ ሲበሉት ይታመማሉ ማለት ግን አይደለም። የምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከተበላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ ምግቡ በተበላ ቁጥርም ይደገማል። ዳቦና ወተት ዕድሜ ልክዎን ያለ ችግር ሲወስዱ ከቆዩ፣ አንድ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን ሊያስከለክልዎት አይገባም። ይሁን እንጂ ያ የጉሮሮው ቀን እስኪጣራ ድረስ ወደ ምግቦቹ የሚመለሱት ከአለርጂ ሐኪም ጋር ተማክረው ይሁን። አይጂጂ የሚባለውን ለብዙ ምግቦች በአንድ ጊዜ የሚሸጥ ምርመራ ደግሞ ቢመክሩዎት እንኳ ገንዘብዎን አያባክኑበት፤ የአለርጂ ሕክምና ማኅበራት ለምግብ አለርጂ መለያነት አይቀበሉትም።

ዛሬ ማታ ቤትዎ ሆነው የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ከሚወጣው ሽፍታ አንዱን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያክብቡትና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ፎቶም ያንሡት፣ ምክንያቱም ሐኪም ዘንድ በሚቀርቡበት ጠዋት ቆዳዎ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ያ ያከበቡት ሽፍታ በ24 ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተው ከጠፋ ከላይ ካልኩት ጋር ይስማማል። ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካቃጠለና ካመመ፣ ወይም ሲጠፋ እንደ ሰንበር ያለ ጥቁረት ከተወ ግን የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ከቆዳዎ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል። ቅዝቃዜ፣ ሙቀትና ላብ፣ የቀበቶ ወይም የጠባብ ልብስ ጫና፣ ፀሐይ፣ የቆዳ መቧጨር ሽፍታውን ያመጡት እንደሆነ ያስተውሉ። እነዚህ በሐኪም ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይፈተሻሉ፤ ለምሳሌ የቅዝቃዜው በክንድ ላይ ለ5 ደቂቃ በሚቀመጥ በረዶ ይታያል።

ጉሮሮዎን የያዘዎት ቀን የተለየ ነው። ይህ ሥር የሰደደ ሽፍታ ከንፈርና የዓይን ቆብ ቢያሳብጥም ራስን እስከማዞር መድረሱ የተለመደ አይደለም። እርስዎ መርማሪ ሆነው ሊያሳድዱት የሚገባው የየማታውን ሽፍታ ሳይሆን ያንን አንድ ቀን ነው።

ምላሽ፦ ጡረተኛ ፋርማሲስት

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የማክለው ስለ መድኃኒት ነው። ሰዎች ምግባቸውን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ በኪሳቸው ያለውን ኪኒን ይረሱታል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ሥር የሰደደ ሽፍታ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች ያባብሱባቸዋል። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪልን የመሳሰሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ሽፍታ ሳይኖር ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ ይህም ከወራት አልፎ ከዓመታት አጠቃቀም በኋላ ሊከሠት ስለሚችል ማንም አይጠረጥራቸውም። ከነዚህ የሚወስዱት አለ? አንቲባዮቲክ፣ ቫይታሚን ወይም የዕፅዋት መድኃኒትስ?

ለማሳከኩ የሚሰጡት እንደ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን ያሉት አዳዲሶቹ ፀረ ሂስታሚኖች የሚጠቅሙት ሽፍታው ከወጣ በኋላ በመዋጥ ሳይሆን በየቀኑ ሳያቋርጡ በመውሰድ ነው። መደበኛው መጠን ካልበቃ ሐኪም ደረጃ በደረጃ እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ይህን ግን በራስዎ አያድርጉት። ያም ካልሠራ ከ2014 ጀምሮ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደ ኦማሊዙማብ የተባለ መርፌ አለ። እንቅልፍ የሚያመጡትን የቀድሞዎቹን ለዘለቄታው አልመክርም፤ የማግስቱን ቀን ድንዛዜ ብዙዎች የአለርጂው አንድ ክፍል አድርገው ሲቆጥሩት አይቻለሁ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ኪኒንም ለጥቂት ቀናት እፎይታ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ለወራት የሚወሰድ አይደለም።

ምክንያት ፈላጊ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደም ግፊት የለብኝም። ለጀርባ ሕመሜ ግን አልፎ አልፎ ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ፤ የተጠየቅሁት በሐኪም ትእዛዝ ስለምወስዳቸው መድኃኒቶች ብቻ ስለነበረ ይህ አልተነሣም። በዚያ ቀን መውሰዴን መለስ ብዬ ሳስብ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል። ከምሳ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ላይ ነበርኩ። ምሳዬ ከወትሮው የተለየ አልነበረም፤ ይህ ነው ግራ የሚያጋባኝ።

ምላሽ፦ የሯጭ አባት

እህቴ፣ ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ እንዳለ ጽፈው ለአለርጂ ሐኪም ይስጡልኝ። ልጄ በምግብና በእንቅስቃሴ ጥምረት የሚነሣ ከባድ አለርጂ አለበት። ስንዴ በልቶ ሲቀመጥ ምንም አይሆንም፤ ያለ ስንዴ ሲሮጥም ምንም አይሆንም፤ በልቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሮጠ ግን ይወድቃል። ለዚህ ሁኔታ ይበልጥ ተጠያቂ የሚሆነው በስንዴ ውስጥ የሚገኝ ኦሜጋ 5 ግሊያዲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን ለእሱ ብቻ የተለየ የደም ምርመራ አለ። የእንቅስቃሴውን ቦታ ኢቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን፣ አልኮል፣ ትኩሳት ያለው ሕመም፣ የወር አበባ ወይም የእንቅልፍ ማጣት ሊተካው ይችላል። «የተለየ ነገር አልበላሁም» የሚለው ብዙ ሰው ትክክል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተለየው ምግቡ ሳይሆን አብሮት የነበረው ነው።

ይህ የእርስዎ ሕመም ነው እያልኩ አይደለም፤ ኢቡፕሮፌኑ ብቻውን ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የበሬ፣ የበግ ወይም የአሳማ ሥጋ ከተበላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ዘግይቶ የሚነሣ፣ መዥገር ከነከሰች በኋላ የሚመጣ አለርጂም አለ። ሐኪም እስኪያዩ ድረስ ግን ኢቡፕሮፌንና ዘመዶቹን አይንኩ፤ ከምግብ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ አያድርጉ። ለመራብ ከመዳረግ ይልቅ ይህ የሚቀል ክልከላ ነው።

ምናልባት ዳግመኛ ቢያጋጥምዎት፣ ሕክምናው ከተሰጠ በኋላ ድንገተኛ ክፍል ባሉበት ሰዓት ማስት ሴሎች የሚለቁትን ትራይፕቴዝ የሚለካው የደም ምርመራ ይወሰድልኝ ብለው ይጠይቁ። ከሕመሙ መነሻ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከ4 ሰዓት ካለፈ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ከዚያም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ደኅና ሲሆኑ ይደገማል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ጎልቶ ከበለጠ በእርግጥ ከባድ አለርጂ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ደኅና ሲሆኑም ከፍ እንዳለ ከቀረ ደግሞ የማስት ሴሎች ሕመም እንዳይኖር ይጠረጠራል።

አድሬናሊን መርፌ ታዝዞልዎታል? ካልታዘዘ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም ምርመራ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሰው ሊርቀው የሚችለው የታወቀ ነገር ስለሌለው፣ መርፌው ከታወቀለት ሰው ይልቅ ለእሱ ያስፈልገዋል። ለአዋቂ በተለምዶ 0.3 ሚሊግራም ይሆንና በጭን መካከል በውጭ በኩል፣ በልብስ ላይ ሳይቀር ይወጋል። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ ራስ ሲዞር ወይም ሽፍታ ከተደጋጋሚ ማስመለስ ጋር ሲመጣ ወዲያውኑ ይወጉት፤ ፀረ ሂስታሚን ውጠው «እስኪ ልየው» አይበሉ፣ ኪኒኑ የቆዳውን ማሳከክ እንጂ የደም ግፊት መውረድን አይመልስምና። ከዚያም እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፤ ትንፋሽ ካስቸገረዎት ይቀመጡ፤ ተነሥተው ግን አይራመዱ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት ሁለተኛው ይደገማል። ቢሻልዎትም ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ምላሽ፦ ታዛቢ

ስለ ሕክምናው የምጨምረው የለኝም። ስለ አኗኗሩ ግን ከላይ ያሉት በቂ አላሉምና ልናገር።

ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ የሚሞላ ማስታወሻ ሰውን ያሳብዳል። የሚጻፈው ሕመሙ ሲነሣ ብቻ ይሁን፦ የጀመረበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 6 ሰዓታት የተበላውና የተጠጣው፣ የተዋጠው ኪኒን፣ እንቅስቃሴው፣ የእንቅልፍዎ ሁኔታ፣ የወር አበባ ቀን፣ የቆየበት ጊዜ። ደኅና የዋሉበትንም ቀን አንዳንዴ ይጻፉ፤ የጠረጠሩትን ምግብ በልተው ምንም ያልሆኑበት ቀን ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ብቻዎን መተኛት ያስፈራዎት ስለ መርፌው የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ስለሌለ ይመስለኛል። ከቤትዎ ወይም ከጎረቤትዎ አንዱን፣ ከሥራ ባልደረቦችዎም አንዱን መርጠው የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚወጋ ያሳዩአቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ታሪኩን ማስረዳት የለብዎትም፤ «ሐኪም እየተከታተለኝ ነው» ማለት ይበቃል። ግብዣውንም አይሽሹ። ጭንቀት ለሽፍታው መንስኤ ነው ብዬ አላምንም፤ ሽፍታውን ግን ሲያባብሰው በብዙዎች ላይ ይታያል፤ ከሰው ተለይቶ በረሃብ መኖር ደግሞ ጭንቀትን አይቀንስም።

የአለርጂ ሐኪሙ መነሻው አልተገኘም ቢልዎት፣ «አልመረመረኝም» ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። የየማታው ሽፍታ በብዙ ሰው ላይ መንስኤው ሳይታወቅ በመድኃኒት ተገትቶ ይቆይና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

ጡረተኛ ፋርማሲስት፦

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ሐኪሙ በቆዳ ላይ የሚደረገውን የመርፌ ጫፍ ምርመራ ካዘዘልዎት ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይታያል፤ ፀረ ሂስታሚን ግን ውጤቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለብዎት ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ሳምንት ይሆናል። ሳያቋርጡ መቆየት የማይችሉ ከሆነ የአይጂኢው የደም ምርመራ በመድኃኒቱ ስለማይነካ እሱን ይመርጡልዎታል። አድሬናሊኑንም ከፋርማሲ ሲረከቡ የማብቂያ ቀኑን አይተው ይቀበሉ፤ ከፍሪጅ ውጭ በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፤ በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አይተዉት።